ባሕሩን ሊያነሱ የነበሩት ጋሼ ባዘዘው

ጋሼ ባዘዘውን የቀበርናቸው ሐሙስ ነው። በማግስቱ፣ ዓርብ፣ አሥረኛ ክፍል ገብቼ ሳስተምር ስልኬ ተንቀጠቀጠ። አጭር መልእክት ነው፤ «ፓስፖርትዎ ደርሷል፤ በአካል ቀርበው ይረከቡ» ይላል። እኔ ፓስፖርት አመልክቼ አላውቅም። የእሳቸው ስልክ አርጅታ መልእክት መቀበል ስላቃታት፣ ቅጹ ላይ የሞላነው የኔን ቁጥር ነበር። ከሞላነው ብዙ ጊዜ ስለሆነው ሁለታችንም ትተነው ነበር።

ጠመኔውን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ያን ሳምንት ንፋስ መውጫ ውስጥ አንዲት አስተማሪ ድንገት ጀርባዋን ብትሰጥ፣ ምን ሆንሽ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሁሉም ያውቃል።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እሳቸው ጂኦግራፊ። ትምህርት ቤቱ ስመደብ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ የአርብ ገበያ ልጅ ነበርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ዓመት የቀራቸው ሰው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ። ክረምት ከበጋ የማትለወጥ አረንጓዴ ጃኬት አለቻቸው፤ ኪሷ ሁሉ የጠመኔ ስባሪ ነው። ሲናደዱ አይጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው በጃኬታቸው ጫፍ ይጠርጉና መልሰው ያደርጉታል። ያን ጊዜ የዝንብ ድምፅ እንኳ ይሰማል።

አባታቸው እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ላይ ድጓ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ወንበራቸውን ልጃቸው እንዲወርስላቸው ይመኙ ነበር። ዜማው ግን ለጋሼ ባዘዘው አልሆነላቸውም።

«ድምፄ ዘይት እንዳላየ ማጠፊያ ነው» ይሉኝ ነበር። «አባቴ አንድ ቀን አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ ‹ልጄ፣ ሂድ አስኳላ ግባ› አሉኝ። ተቆጥተው እንዳይመስልሽ። አዝነው ነው።»

ከዚያ ቤት የቀረላቸው በቃል መያዝ ነው። የቀይ ባሕርን ወደቦች ከላይ እስከ ታች እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ካርታ ሲሥሉም እንዲሁ ነው። ጠመኔውን ስዊዝ ላይ ይተክሉና ፊታቸውን ወደ ተማሪው አዙረው እያወሩ፣ እጃቸው ብቻ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ እስከ ባብኤል መንደብ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይወርዳሉ። ስንት ጊዜ ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሬዋለሁ። አይስቱም።

አንድ ቀን ታዲያ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ባሕር ምን ምን ይሸታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። «አላውቅም» አሉና ደብተራቸውን ይዘው ከክፍሉ ወጡ፤ ደወሉ ገና አልተደወለም ነበር።

መምህራን ማረፊያ ሲገቡ እኔ ብቻዬን ፈተና አርማለሁ። ከፊቴ ቁጭ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጉናን በዓይኑ ሳያይ ስለ ጉና የሚያስተምር ሰው ቢመጣ ምን ትዪዋለሽ?»

«ሌባ እለዋለሁ» አልኩ እየሳቅኩ።

እሳቸው አልሳቁም። «እኔም እንደዚያ ነው ያልኩት» አሉ።

ባሕሩን ሄዶ የማንሳቱ ዕቅድ የተጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

ካሜራ ግን ከዚያ በፊትም ነበራቸው። ደብረ ታቦር ውስጥ ሠርግ የሚያነሳ ባለ ስቱዲዮ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ወስደውለት ነው። ቅዳሜና እሑድ በእግራቸው እየዞሩ አገሩን ያነሳሉ። በረዶ የጣለበትን ጉና፣ ንፋሱ እንደ ፀጉር የሚያበጥረውን የገብስ ማሳ፣ ከዝናብ በኋላ የሚያበራውን ጭቃ። ሰው አያነሱም። «ሰው ራሱን በስልኩ ያነሳል፤ አገር ግን የሚያነሳው የለውም» ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ ስታንዱን ተክለው ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆማሉ፤ ደመናው እስኪገለጥ። ስቸኩል ካዩኝ፣ «ብርሃን አይጠራም፤ ይጠበቃል» ይሉኛል።

ሰው አለማንሳታቸው እቤታቸው ውስጥ ቅር የሚያሰኝ ነገር ነበር። ባለቤታቸው እትዬ የሹ ስንት ዓመት ለምነዋቸዋል። «አንድ ቀን እንኳ ከኔ ጋር ተቀምጠህ ብንነሳ ምን አለበት?» ሲሏቸው፣ «ባሕሩ ዳር አቁሜ አነሳሻለሁ» ይላሉ። እትዬ የሹ ወደ እኔ ዞረው፣ «ባሕር እኮ ውኃ ነው። ጣና እዚሁ ተኝቶልህ!» ይላሉ።

«ጣና ማዶ አለው፣ የሹ።»

«ባሕርስ የለውም?»

«አለው። ግን አይታይም።»

የምናቅደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሳቸው ቤት ነው። ሦስት ነን፤ እሳቸው፣ እኔና ሞላ። ሞላ የእስቴ ሰው ነው፤ አሮጌ ላንድክሩዘር አለው፤ እህልና ሰው እየጫነ ይኖራል። እሱ ስለ ፎቶ ደንታ የለውም። ጋሼ ባዘዘው ልጁን አስተምረው ለወግ አብቅተውለታልና፣ «እርስዎ ካሉኝ ሲኦልም ቢሆን እነዳለሁ» ብሎ ነው የገባበት።

ጠረጴዛው ላይ ካርታው ይዘረጋል፤ አራት ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል። እትዬ የሹ የባቄላ ቆሎ ያቀርባሉ። ጋሼ ባዘዘው ባለ መስመር ደብተራቸውን ገልጠው ያነብባሉ። ከንፋስ መውጫ በጋሸና ወልድያ። ከወልድያ በጭፍራ ሚሌ። ከሚሌ ጋላፊ። ከዚያ ጅቡቲ ገብተን፣ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ በቀኛችን እያደረግን ዳርዳሩን ወደ ታጁራ ከተማ። ከታጁራ እስከ ኦቦክ። ሄደን የምንቀር እንዳይመስል የመልሱንም ጽፈዋል። የት ነዳጅ እንደሚገኝ፣ የት እንደምናድር፣ የትኛው ኩርባ ላይ መኪናው ቢቆም ለሌላ መኪና መንገድ እንደማይዘጋ፣ ሁሉንም ከሹፌሮች ጠይቀው፣ ከኔ ስልክ ላይ አይተው መዝግበውታል። የባሕሩ ውኃ በየትኛው ሰዓት ከዳርቻው እንደሚሸሽ፣ ፀሐይ በየትኛው ጎን እንደምትወጣ አስልተውታል።

«ኦቦክ ላይ ፀሐይ ከውኃው ውስጥ ነው የምትወጣው» ይላሉ። «እኛ ቀድመናት ቆመን እንጠብቃታለን። ከወጣች በኋላ ሩብ ሰዓት ነው ያለን፤ ከዚያ ብርሃኑ ይከብዳል። ሞላ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ትጠብቃለህ፤ ንዝረት አልፈልግም።»

«እሺ ጋሼ።»

«አንቺ ሌንሱን በጨርቅ ትጠርጊያለሽ። ጨዋማው አየር ይበላዋል ይላሉ።»

«እሺ ጋሼ።»

«የሹ ደግሞ ቁጭ ትላለች።»

«የት ነው የምቀመጠው?» ይላሉ እትዬ የሹ፣ ሳይወዱ በግድ እየገቡበት።

«አሸዋው ላይ።»

ልምምድም አደረግን። ባሕሩ እንዴት እንደሚነሳ ለማወቅ ሰፊና ጥልቅ ነገር ያስፈልጋል ብለው ታች ጋይንት ወሰዱን፤ ከአርብ ገበያ አልፈን የበሽሎ ገደል አፋፍ ድረስ። ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን ዘንቧል። ገደሉ በጉም ተሞልቷል። ስታንዱን ተክለው ዓይናቸውን ካሜራው ላይ እንዳደረጉ፣ ከኋላችን ገበሬዎች መጡ። አምስት ስድስት ይሆናሉ፤ ዱላ ይዘዋል። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ አሉ።

«መሬት ልትለኩ ነው የመጣችሁ?» አሉን ሽማግሌው።

«አይደለም አባቴ። መልኩን ልናነሳ ነው» አሉ ጋሼ ባዘዘው።

«የመሬት መልክ ምን ይሆናችኋል?»

«ይታያላ።»

«ማን ነው የሚያየው?»

ጋሼ ባዘዘው ከስታንዱ ፈቀቅ አሉና፣ «ይምጡ፣ እርስዎ ይዩት» አሏቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ለአንዱ ሰጥተው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። ጉሙ በአንድ በኩል ተገልጦ ከታች ያለው እርከን ይታይ ነበር።

«ያች የኔ ማሳ ናት» አሉ። «ጥዷ አለች። የኔ ናት።»

«ጥሩ ማሳ ናት።»

«እንዲህ ትንሽ ናት እንዴ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው በዓይናቸው አዩዋት፤ እንደገና ጎንበስ አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያረስኳት ናት። አገር ታህል ይመስለኝ ነበር» አሉና ዱላቸውን ተቀብለው፣ ደኅና ዋሉም ሳይሉ በመጡበት ወረዱ። ሌሎቹ ተከተሏቸው።

ጋሼ ባዘዘው ስታንዱን አጣጥፈው ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተቱት። ያን ቀን አንድም ፎቶ አላነሱም። በመንገድ ላይ፣ «ባሕሩን ሳየው እኔም እንደ እሳቸው ብሆንስ?» አሉኝ። ሞላ ማርሽ ቀየረ።

ልንነሳ የነበረው ፈተና ባለቀ በሳምንቱ ነበር። ሞላ ጎማ ቀይሯል፤ እትዬ የሹ ድርቆሽና በሶ አዘጋጅተዋል። የዚያን ጊዜ ጦርነቱ በምሥራቅ በኩል እኛ ዘንድ ደረሰ። ስለዚያ ብዙ ማውራት አልወድም። ጋሼ ባዘዘው ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለው ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ ሥር ቀበሩት። ሁሉ ነገር ሲያልፍ ትምህርት ቤቱ ገብተን ስናይ፣ ካርታዎቹን መሬት አንጥፎ የተኛባቸው ሰው ነበር፤ በጭቃ ጫማ ተረግጠዋል። እሳቸው እየጠረጉ አጣጥፈው አስቀመጧቸው። ካሜራውን ሲያወጡት ደግሞ የገብስ ብናኝ ውስጡ ገብቷል። ከዚያ በኋላ በሚያነሱት ፎቶ ሁሉ፣ በስተግራ ከላይ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ባለ ስቱዲዮው ሊያወጣት አልቻለም።

«እንግዲህ ሰማዬ ጉድፍ አለበት» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ደብተሩ ሲገለጥ ኦቦክ ቀርቷል። «ታጁራ ይበቃናል» አሉ። አምና በድንበር ይለፍ ወረቀት ልንሻገር ነበር፤ ያ ቀርቷል ስለተባለ መጀመሪያ የእሳቸውን ፓስፖርት ያመለከትነው ያን ጊዜ ነው። ፓስፖርቱ ሳይመጣ የጭፍራ መንገድ አይሆንም ተባለ። «እንግዲህ በሌላ መንገድ ዞረንም ቢሆን ጋላፊ ድረስ ሄደን፣ ድንበሩ ላይ ቆመን፣ አየሩን እናሸትታለን» አሉ። ሞላ ሳቀ፤ ከጋላፊ እስከ ባሕሩ ያለውን ርቀት ያውቀዋልና። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ጻፉት። ከዚያ ደግሞ አንዴ የምሥራቁ መንገድ ይዘጋል፣ አንዴ የምዕራቡ። የታጠቁ ሰዎች መንገዱን ይይዛሉ፤ ይለቃሉ፤ እንደገና ይይዛሉ። አንድ ቅዳሜ እቤታቸው ስገባ ካርታው ጠረጴዛው ላይ የለም። ደብተሩን ገልጠው ተቀምጠዋል።

«ጣና» አሉኝ። «ከወረታ በታች ያለውን ዳርቻ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ።»

እትዬ የሹ ከጓዳ ሰምተው ብቅ አሉ። ማዶ አለው ብለህ አልነበር ብለው ይቀልዱባቸዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለዱም። ቆሎውን አስቀምጠው ተመለሱ።

ወደ ጣናም አልሄድንም።

ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ ተተኪ ስላልተገኘ እያስተማሩ ቆዩ። ጠመኔው ከስዊዝ ሲነሳ አሁንም አይስትም። ግን ፊታቸውን ወደ ተማሪው አያዞሩም፤ ሰሌዳውን እያዩ ነው የሚሥሉት። አንድ ጊዜ በመስኮት ሳይ፣ ሥለው ከጨረሱ በኋላ በእጃቸው መዳፍ ሁሉን ጠርገው አጠፉት። ተማሪዎቹ ገና እየገለበጡ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሆዳቸውን አመማቸው። «ያለፈበት ነገር በልቼ ነው» ብለው ማክሰኞ አስተማሩ። ማክሰኞ ማታ ጠናባቸው። ረቡዕ ጠዋት እዚያው ከተማው ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሰና ወደ ውጭ ጠራን፤ እትዬ የሹን፣ እኔንና ሞላን።

«አንጀታቸው ታጥፏል» አለን። «ዛሬውኑ መከፈት አለባቸው። እዚህ ደግሞ የሚያደነዝዘው ባለሙያ ከሄደበት መመለስ አልቻለም፤ መንገድ ዘግቶበት። ደብረ ታቦር አድርሷቸው።»

«መንገዱ ለእሱ ተዘግቶ ለኛ ይከፈታል?» አለ ሞላ።

ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። የሪፈር ወረቀቱን ሰጠንና፣ «እኔ ማድረግ የምችለው ይሄን ነው» አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

ላንድክሩዘሩ ወንበር ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው። ጭንቅላታቸው እትዬ የሹ ጭን ላይ ነው። እኔ ከፊት፣ ወረቀቱን ይዤ። ሞላ ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ ይነዳል። መኪና የለም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዉ ገብስ ያጭዳል። ፀሐይዋ ጥሩ ነበረች። ጋሼ ባዘዘው አንዳንዴ በመስኮቱ ያያሉ፤ አንዳንዴ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለ ብርሃኑ አንድም ነገር አልተናገሩም።

ጉና ግርጌ ስንደርስ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ሦስት የታጠቁ ልጆች ቆመዋል። ሞላ ገና ሳያቆም እጁን አውጥቶ፣ «ወንድሞቼ፣ ታማሚ ነው የያዝኩት! ግቡና እዩት!» አለ።

«ማንም አያልፍም» አለ አንዱ።

«ሊሞት ነው እኮ!»

«ማንም አያልፍም ተብሏል።»

ሁለተኛው ወደ ኋላ መስኮት ቀረበና አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረ። «ቲቸር?» አለ።

ጋሼ ባዘዘው ዓይናቸውን ገለጡ። «ማነህ?»

«አበጀ ነኝ፣ ቲቸር። ዘጠነኛ ሲ የነበርኩት።»

ብዙ አዩት። «ኋላ ነበር የምትቀመጠው» አሉ። «በሩ ጋ።»

«አዎ ቲቸር።»

ልጁ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። «እኔ ባሳልፋችሁ፣ ከፊት ያሉት መኪናውን ይመቱታል» አለ በዝግታ። «እኛን አይሰሙም። ከእነሱ በኋላ ደግሞ ሌሎቹ አሉ። ተመለሱ ወይም በእግር፣ በማሳው ውስጥ ውረዱ። ቃሬዛ ካዩ ማንም አይነካችሁም።»

እትዬ የሹ፣ «ልጄ፣ እናት የለህም?» አሉት።

ሞላ መኪናውን ዳር አስይዞ ወደ አጫጆቹ ሮጠ። ሲናገር አልሰማሁም፤ ሰዎቹ ግን ማጭዳቸውን ጥለው ሲመጡ አየሁ። ሁለት ባሕር ዛፍ ቆረጡ፤ ጋቢያቸውን አውልቀው አሰሩበት። አንዱም ማን ነው፣ ከየት ነው ብሎ አልጠየቀም። አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ ተሸከሟቸው። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ድንጋያማ። እትዬ የሹ የባላቸውን ጫማ በእጃቸው ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። እኔ ከጎን ነኝ፤ እጃቸውን ይዤ። እጃቸው በርዶ ነበር።

ጥቂት እንደሄድን፣ «ሞላ» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«መኪናውን ከፍተህ ነው የመጣኸው?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«ቁልፉስ?»

«ኪሴ ውስጥ ነው።»

«እ» አሉ። ከዚያ ሌላ አልተናገሩም። ስለ ባሕር፣ ስለ ፎቶ፣ ስለ እትዬ የሹም ቢሆን ምንም አላሉም። ሰዎች ሲጠይቁኝ አንዳንዴ የሆነ ነገር እንድጨምር ይፈልጋሉ። የምጨምረው የለኝም።

ከወንዟ ማዶ ዳገቱን ጀምረን ሳለ፣ ከፊት በቀኝ በኩል የተሸከመው ሰው ቆመ። «አስቀምጡት» አለ። እኔ ደክሞት መስሎኝ ነበር። ቃሬዛ የለመደ ሰው በትከሻው እንደሚያውቅ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ጋቢውን ገልጦ እንኳ አላየም። ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ምሥራቅ ዞረ። እትዬ የሹ ጫማውን መሬት ላይ፣ ጎን ለጎን፣ አስተካክለው አስቀመጡ። ከዚያ ነው የጮኹት።

በዚያው መንገድ ይዘናቸው ተመለስን። አጫጆቹ እስከ መኪናው ድረስ ተሸከሟቸው፤ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ማሳቸው ተመለሱ። አበጀ ድንጋዩ አጠገብ ቆሟል። ሲያየን ቁጭ አለና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ጓደኞቹ አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ለቀብሩ ፎቶ ተፈለገ። እቤቱ ሁሉ ፎቶ ነው፤ ግድግዳው ላይ፣ ሣጥኑ ውስጥ፣ በየደብተሩ መካከል። ተራራ፣ ገደል፣ ማሳ፣ ጉም። የእሳቸው ግን አንድም የለም። እትዬ የሹ ሲገለብጡ ሲገለብጡ ቆይተው፣ «አንድ ቀን እንኳ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። በመጨረሻ የመታወቂያቸውን ፎቶ እዚሁ ንፋስ መውጫ ካለ ስቱዲዮ ወስጄ አስጎላሁት። ሲጎላ ፊታቸው ተበታተነ፤ ከቅርብ ሲያዩት ነጠብጣብ ብቻ ነው። ከሩቅ ካልቆሙ እሳቸው መሆናቸው አይታወቅም። ያችን ይዘን ነው የወጣነው።

በመንገዱ መዘጋት ምክንያት ከቤተ ልሔም የመጣ ዘመድ አልነበረም። ታናሽ ወንድማቸው የሰማው በሣልስቱ ነው።

ሞላ ላንድክሩዘሩን ግቢው ውስጥ አቁሞ ሸራ አለበሰው። ሥራ ቢመጣለትም አይሄድም። «መሪውን ስይዝ እጄ ይደነዝዛል» አለኝ። ኋላ ወደ እስቴ፣ ወደ ወላጆቹ አገር ገባ፤ አሁን ያርሳል ይላሉ። እትዬ የሹ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ባቄላ ቆሎ ያቀርባሉ፤ ሁለታችንም አንበላውም። ስለ እሳቸው አናወራም። የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜው ተተኪ ስላልመጣለት ለሌሎቻችን ተከፋፈለ። ለኔ የደረሰኝ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከመጽሐፉ አነበብኩላቸውና አለፍኩት።

ጥር ላይ መንገዱ ተከፈተ። ማን ከማን ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ አላውቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት ሚኒባሶች መናኸሪያው ውስጥ ቆመው፣ ረዳቶቹ «ታቦር፣ ታቦር!» እያሉ ሲጣሩ ተሰማ። በሳምንቱ የመምህራን ሥልጠና ተብሎ ደብረ ታቦር ተላክሁ። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ያሉት ሁለት ሴቶች ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። አንድ ሕፃን እናቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል። ጉና ግርጌ ስንደርስ ድንጋዩ ወደ ዳር ተገፍቷል። ሰው የለም። ሹፌሩ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረስን።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው። ከመናኸሪያው ወጥቼ ዝም ብዬ ሄድኩ፤ እግሬ ሆስፒታሉ በር ላይ አደረሰኝ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አንዲት ሴት ብርቱካን ትሸጣለች። ከአጥሩ ጥግ ብዙ ቆሜ ሳለ፣ ዘበኛው አይቶኝ መጣ።

«እኅቴ፣ ታማሚ አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም» አልኩት።